የሬድውድ ደን ጉዞ፦ ከአምስቱ ቦታዎች የትኛው ይሻላችኋል?

በካሊፎርኒያ ቤይ ኤሪያ፣ ማለትም በሳን ፍራንሲስኮና ዙሪያው፣ የሚኖር ቤተሰብ «ዘንድሮ ሬድውድ ደን ገብተን ድንኳን ተክለን እንደር» ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደናግረው የስሙ ብዛት ነው። በግዙፉ የሬድውድ ዛፍ ስም የሚጠራ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ በስቴቱ የሚተዳደሩ ብዙ ፓርኮች አሉ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ ከተማም አለ። ከኦክላንድ በአንድ ሰዓት የሚደረሰውም፣ ሰባት ሰዓት የሚያስነዳውም «ሬድውድ» ነው። የድንኳን ቦታ ኪራዩ ደግሞ ከቦታ ቦታ ብዙ ስለማይለያይ ዋጋ አይቶ መምረጥ አይቻልም። ልዩነቱ ያለው በመንገዱ፣ በደኑ ዕድሜና በሌሊቱ ላይ ነው። የምናወዳድራቸው አምስቱ ፓርኮች ከቅርቡ ወደ ሩቁ ሳሙኤል ፒ ቴይለር፣ ሄንዲ ዉድስ፣ ሐምቦልት፣ ፕሬሪ ክሪክና ጀዴዳያ ስሚዝ ናቸው።

ከማወዳደራችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። እዚህ የምናወራው ስለ ባሕር ዳርቻው ሬድውድ ነው። በሴራ ኔቫዳ ተራሮች፣ በዮሰሚቲና በሴኮያ ብሔራዊ ፓርኮች የሚበቅለው ጃይንት ሴኮያ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ያኛው በውፍረት ይበልጣል፣ ይሄኛው በቁመት። በዓለም ረጅሙ ዛፍ ሃይፐሪየን ከ115 ሜትር ያልፋል፤ ያለውም በሬድውድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። እሱን ግን በጉዞ ዕቅዳችሁ ውስጥ አታስገቡት። የሬድውድ ሥር በጎን ይዘረጋል እንጂ ጠልቆ አይወርድም፤ የጎብኚ እግር አፈሩን እየረገጠ ስላጠበቀውና በዙሪያው ያለውን ተክል ስላጠፋው ፓርኩ ከ2022 ጀምሮ አካባቢውን ዘግቷል። የገባ ሰው እስከ 5000 ዶላር ቅጣትና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀዋል።

## መመዘኛዎቹ

የሌሊት ቁጥር። ብዙ ሰው «የት እንሂድ?» ብሎ ይጀምራል። መቅደም ያለበት «ስንት ሌሊት አለን?» የሚለው ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ያለው ሰው ከሦስት ሰዓት በላይ ባይነዳ ይመረጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ደርሶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ምግብ አሙቆ እስኪጨርስ ይመሻል፤ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ቦታውን መልቀቅ ግዴታ ነው። ሁለት ሌሊት ካላችሁ ሐምቦልት ይሆናል። ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜን ለመውጣት ሦስት ሌሊት ይሻል።

የደኑ ዕድሜ። ወርቅ ፍለጋው ካሊፎርኒያን ሰው በሰው ካደረጋት ከ1850ዎቹ ወዲህ ሬድውድ ለቤት መሥሪያና ለባቡር ሐዲድ ሲጨፈጨፍ ኖሯል። 2 ሚሊዮን ኤከር ይሆን ከነበረው ጥንታዊ ደን የቀረው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «ሬድውድ ደን» ተብሎ የሚታየው አብዛኛው ተቆርጦ እንደገና የበቀለ ነው። ሬድውድ ከጉቶው ዙሪያ ያቆጠቁጣል፤ ክብ ሠርተው የቆሙ ቀጫጭን ዛፎች ካያችሁ መሐላቸው ላይ የተቆረጠ እናት ዛፍ ነበር ማለት ነው። ጥላው ደስ ይላል፣ ሽታውም ያው ነው። ሺህ ዓመት ካለፈው ደን ጋር ግን አይወዳደርም። ልጆቻችሁን አንድ ጊዜ ብቻ የምትወስዷቸው ከሆነ መጥረቢያ ያልነካውን አሳዩአቸው።

መንገዱ። ደኑን ከመኪና መስኮት ማየት የጉዞው ግማሽ ነው። ሰፊ አስፋልት፣ ጠመዝማዛ አስፋልትና የጠጠር መንገድ ለየቅል ናቸው። መኪና የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ፣ መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ወይም ተጎታች ካላችሁ ምርጫው በዚህ ብቻ ሊለወጥ ይችላል።

ሌሊቱ። ሬድውድ የሚኖረው ጭጋግ ባለበት ነው። ዝናብ በማይዘንብባቸው ወራት ከፓስፊክ የሚመጣው ጭጋግ ቅጠሉ ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል፣ ዛፉም ከዚያ ይጠጣል። ለዛፉ ሕይወት የሆነው ጭጋግ ብርድ ልብሳችሁን ያረጥባል። በባሕሩ ዳር ባሉት ፓርኮች በጁላይ እንኳ ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሻወር፣ መጸዳጃ ቤትና የሚከራይ ካቢን (ትንሽ የእንጨት ቤት) መኖር አለመኖሩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

አብሯችሁ የሚሄደው ሰው። ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ካሉ፣ መኪና ከቆመበት ጥቂት ተራምደው ትልቁን ዛፍ የሚያዩበት ቦታ ያስፈልጋል።

## ሳሙኤል ፒ ቴይለር

ማሪን ካውንቲ ውስጥ፣ በሰር ፍራንሲስ ድሬክ መንገድ ላይ ያለ ፓርክ ነው። ከኦክላንድ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ደኑ በአብዛኛው እንደገና የበቀለ ነው። ሻወርና ካቢኖች አሉት፤ የድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ ሜዳማ መንገድ በወንዙ ዳር ስለሚያልፍ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። ድንኳን ተክሎ ለማያውቅ ቤተሰብ የመጀመሪያ ልምምድ እዚህ ቢሆን እመክራለሁ፦ የጎደለ ነገር ቢኖር ቤት ቅርብ ነው። የጥንቱን ደን ለማየት ለሚሄድ ግን ቦታው አይደለም።

## ሄንዲ ዉድስና 128 ቁጥር መንገድ

ከክሎቨርዴል ከ101 ቁጥር አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ባሕሩ የሚወርደው 128 ቁጥር መንገድ ከቤይ ኤሪያ በቅርብ ከሚገኙት የገጠር መንገዶች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ነው። እስከ ቡንቪል ድረስ ኮረብታ ለኮረብታ ይጠማዘዛል፤ የሚያቅለሸልሸው ሰው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከዚያ የአንደርሰን ሸለቆ የወይንና የፖም እርሻዎች ይከተላሉ። ከናቫሮ በታች ደግሞ መንገዱ ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ በሬድውድ ተሸፍኖ እስከ ውቅያኖሱ ይዘልቃል። የዚያ ክፍል ዛፎች እንደገና የበቀሉ ናቸው፤ ውበቱ ጨለማና ብርሃን በሚፈራረቅበት አነዳድ ላይ ነው።

ሄንዲ ዉድስ ከፊሎ አጠገብ ነው። በውስጡ ሁለት ያልተቆረጡ ደኖች ተርፈዋል፤ ትልቁ 80 ኤከር፣ ትንሹ 20 ኤከር ያህል ነው። ስፋቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ለሽማግሌና ለሕፃን ጋሪ ይመቻል። ሸለቆው ከባሕሩ ራቅ ስለሚል ቀኑ ሞቃት ነው፣ ድንኳኑም እንደ ሰሜኖቹ አይረጥብም። ካቢንም አለው። ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቶ እውነተኛ ጥንታዊ ደን ውስጥ መግባት የሚቻለው እዚህ ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በክረምት ዝናብ ሲበዛ የናቫሮ ወንዝ 128ን አጥለቅልቆ ሊያዘጋው ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዩ።

## ሐምቦልት ሬድውድስ

ከሳን ፍራንሲስኮ 230 ማይል፣ አራት ሰዓት ተኩል ያህል። «አቬኑ ኦፍ ዘ ጃይንትስ» የሚባለው 31 ማይል መንገድ ያለው እዚህ ነው። የድሮው 101 ሲሆን አዲሱ ፈጣን መንገድ ሲሠራ ለዘገምተኛ ተጓዥ ተረፈ። ሙሉ በሙሉ አስፋልት ስለሆነ ማንኛውም መኪና፣ ትልቅ አር ቪም (የሚታደርበት መኪና) ጭምር፣ ይሄድበታል። በየጥቂት ማይሉ መቆሚያ አለ።

ፋውንደርስ ግሮቭ ላይ መቆም አይቀርም። ዳየርቪል ጃይንት የተባለው ከ100 ሜትር በላይ የነበረ ዛፍ በ1991 ወድቆ እዚያው ተጋድሟል፤ እንዲበሰብስ የተተወውም ሌላ ሕይወት ስለሚያበቅል ነው። የቆመ ዛፍ ቁመት ለዓይን ያስቸግራል፤ በወደቀው ጎን ስትራመዱ ግን ይገባችኋል። ዙሩ አጭርና ሜዳ ነው፣ አዛውንትም ይችሉታል።

ብዙ ጎብኚ አቬኑውን ነድቶ ይመለሳል። የእኔ ምክር ግን ማቶል መንገድን ወደ ምዕራብ መያዝ ነው። ጠባብ አስፋልት ነው፤ ዛፎቹ ጠርዙን ነክተው ስለቆሙ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ይጠብቃል። በሮክፌለር ደን መሐል ያልፋል። ይህ ደን፣ ስፋቱ 10 ሺህ ኤከር ገደማ፣ በአንድ ላይ ተያይዘው ከቀሩት ጥንታዊ የባሕር ዳርቻ ሬድውድ ደኖች ሁሉ ትልቁ ነው። በ1918 የተቋቋመው ሴቭ ዘ ሬድውድስ ሊግ የተባለው የደን ጥበቃ ማኅበር ከቆራጭ ኩባንያ የገዛው ጆን ዲ ሮክፌለር ጁኒየር በሰጡት ገንዘብ ነበር። ታችኛውን ደን መግዛት ብቻውን ግን አላዳነውም። ከላይ ያለው ተዳፋት ተመንጥሮ ስለነበር በ1955 የመጣው ጎርፍ አፈሩን ይዞ ወርዶ በቡል ክሪክ ዳር የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ ትልልቅ ዛፎችን ጣለ። ስቴቱ የላይኛውን ተፋሰስ የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ተራራው ሲራቆት ሸለቆው እንደሚታጠብ ለሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህ ደን ብዙ ይናገራል።

ማቶል መንገድን ከደኑ አልፎ መቀጠልም ይቻላል። በሃኒዱና በፔትሮሊያ አድርጎ፣ ወደ ውቅያኖሱ ወርዶ፣ ፈርንዴል ላይ ይወጣል፤ ከ60 ማይል በላይ ነው፣ ሦስት ሰዓት መድቡለት። አስፋልቱ የተሰባበረ፣ ቁልቁለቱ የሚያስፈራ፣ ነዳጅ እንደ ልብ የማይገኝበት፣ የስልክ ኔትዎርክም የሌለበት ነው። ከብቶች፣ ሣርና ነፋስ እንጂ ሰው የማይበዛበት መንገድ ለሚወድ ሙሉ ቀን ይሰጠዋል። ሕፃን ለያዘ አይሆንም።

ለማደሪያ ሦስት ምርጫ አለ። በርሊንግተን ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሲሆን ለጀማሪ ይመቻል፣ የመኪና ድምፅ ግን ይሰማበታል። ሒድን ስፕሪንግስ በኮረብታ ላይ የተበታተነ ስለሆነ ከጎረቤት ትራራቃላችሁ። አልቢ ክሪክ በማቶል መንገድ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ጸጥታ ለሚፈልግ እሱ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ የሚከፈቱት በሙቀቱ ወራት ብቻ ነው። ከባሕሩ ራቅ ስለሚል ቀኑ ይሞቃል፣ ልጆችም በኢል ወንዝ ይዋኛሉ።

በመንገዱ ላይ መኪና የሚያሳልፍ ቀዳዳ የተሠራላቸው ዛፎች በክፍያ ይታያሉ። ግንዱን መቦርቦር ዛፉን መጉዳት ስለሆነ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም።

## ፕሬሪ ክሪክ

ከሳን ፍራንሲስኮ ስድስት ሰዓት ገደማ። ከ1994 ጀምሮ ከብሔራዊ ፓርኩ ጋር በጋራ ከሚተዳደሩት ሦስት ስቴት ፓርኮች አንዱ ነው። ኒውተን ቢ ድሩሪ ፓርክዌይ 10 ማይል ያህል አስፋልት ነው፤ ከአቬኑ ኦፍ ዘ ጃይንትስ ያጥራል፣ ሱቅና ማስታወቂያ የለበትም፣ ጥንታዊው ደንም አይቋረጥም። ከውበት አንጻር ብቻ ካየነው ከአቬኑው አስቀድመዋለሁ።

ኤልክ ፕሬሪ የተባለው የካምፕ ቦታ ከሜዳ ዳር ነው፤ ሩዝቬልት ኤልክ የሚባሉት ግዙፍ አጋዘኖች ሣር ሲግጡ ከድንኳኑ ይታያሉ። ወንዱ በሴፕቴምበር የመራቢያ ጊዜው ስለሆነ ይቆጣል፤ ልጆች ለፎቶ እንዳይጠጉ። ሻወርና ካቢን አለ።

ጎልድ ብላፍስ ቢች የሚባለው ሌላው የካምፕ ቦታ በባሕሩ አሸዋ ላይ ነው። የሚወስደው ዴቪሰን መንገድ ጠጠርና ጉድጓድ ነው፣ ጅረትም ያቋርጠዋል፤ ተጎታች አይፈቀድም፣ ከ24 ጫማ የሚረዝም መኪናም እንዲሁ። ነፋስ የማይበግረው ድንኳን ያስፈልጋል። ፈርን ካንየን ያለው በዚያው መንገድ መጨረሻ ላይ ነው፤ ግራና ቀኙ 15 ሜትር የሚሆን፣ ፈርን በሚባል ቅጠላማ ተክል የተሸፈነ ገደል ነው፣ መሐሉን ውኃ እየረገጡ ይሄዳሉ። ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ እዚያው ባሕር ዳር የሚያድር ግን በድንኳን ቦታው ማስረጃ ይገባል። ለልጆች ከአምስቱ ቦታዎች የሚበልጠውን ቀን የሚሰጠው ይህ ነው።

አካባቢው የዩሮክ ሕዝብ አገር ነው፤ ከወደቀ ሬድውድ ታንኳ መጥረብ ዛሬም ያውቁበታል። ክላማዝ አጠገብ ያለው ኮስታል ድራይቭ የሚባለው ትንሽ መንገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የገበሬ ቤትና ጎተራ መስሎ በተሠራ የራዳር ጣቢያ በኩል ያልፋል፤ ታሪክ የሚወድ ሰው ካለ ይታጠፍ።

## ጀዴዳያ ስሚዝ

ሩቁ ይህ ነው፤ ከክረሰንት ሲቲ አጠገብ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ሰባት ሰዓት ያህል። ላስት ቻንስ ግሬድ በሚባለው የ101 ክፍል መሬቱ እየተንሸራተተ ስለሆነ ጥገና ላይ ቆሞ መጠበቅ ሊያጋጥም ይችላል። ከፖርትላንድ ለሚመጣ ግን ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው፦ በግራንትስ ፓስ ዞሮ በ199 ቁጥር መንገድ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ።

ሃውላንድ ሒል መንገድ እዚህ ነው ያለው። በፈረስ ሠረገላ ዘመን የነበረ መንገድ ሲሆን ዛሬም አብዛኛው ጠጠርና አፈር ነው። ከአንድ መኪና ብዙም አይሰፋም፤ በዛፎቹ መካከል እየተጣጠፈ ያልፋል። በሰዓት 10 ማይል ትነዳላችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ። አቧራው ፈርኑ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊት መኪና ሲመጣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይኖራል። ተራ ሴዳን በደረቅ ጊዜ ይችለዋል፤ አር ቪና ተጎታች ግን አይግቡ። ስታውት ግሮቭ፣ 44 ኤከር ብቻ የሆነው፣ ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት ደቂቃ ነው። ግሮቭ ኦፍ ታይታንስ ደግሞ ሥሩ እንዳይረገጥ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የእግር መንገድ ይጎበኛል።

በመኪና የሚታይ ከዚህ የበለጠ የሬድውድ መንገድ የለም፣ ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ። ሆኖም ለአብዛኛው ቤተሰብ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም፤ ሁለት ሌሊት ይዞ የሚሄድ ሰው ከደኑ ይልቅ 101ን ያያል።

የካምፕ ቦታው በስሚዝ ወንዝ ዳር፣ በጥንታዊው ደን ውስጥ ነው። ወንዙ ግድብ አልተሠራበትም፤ በሙቀቱ ወራት ውኃው ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው፣ ቀዝቃዛም ነው። ሻወርና ካቢን አለው።

## በአጭሩ

የነዳጅ ወጪው ለደርሶ መልስ ነው፤ በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ መኪናና ጋሎኑ 5 ዶላር ታስቦ።

| ቦታ | ከሳን ፍራንሲስኮ | ጥንታዊ ደን | መንገዱ | ነዳጅ | ቢያንስ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሳሙኤል ፒ ቴይለር | 1 ሰዓት | ጥቂት | ቀላል አስፋልት | 16 ዶላር | 1 ሌሊት |
| ሄንዲ ዉድስ | 2 ሰዓት ተኩል | ትንሽ፣ ግን እውነተኛ | ጠመዝማዛ አስፋልት | 50 ዶላር | 1 ሌሊት |
| ሐምቦልት | 4 ሰዓት ተኩል | በጣም ሰፊ | አስፋልት፤ ማቶል ጠባብና ሻካራ | 90 ዶላር | 2 ሌሊት |
| ፕሬሪ ክሪክ | 6 ሰዓት | ሰፊ | አስፋልት፤ ዴቪሰን ጠጠር | 125 ዶላር | 3 ሌሊት |
| ጀዴዳያ ስሚዝ | 7 ሰዓት | ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ | ሃውላንድ ሒል ጠጠርና አፈር | 145 ዶላር | 3 ሌሊት |

## ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለሚቆጥብ፦ የድንኳን ቦታ በስቴት ፓርኮቹ በሌሊት 35 ዶላር አካባቢ ነው፣ በአንድ ቦታ እስከ ስምንት ሰው ያድራል። ስለዚህ ወጪውን የሚወስነው ነዳጅ ነው። ጥንታዊ ደን ለማየት ከሚኬድባቸው መካከል ሄንዲ ዉድስ በዚህ ሚዛን ያሸንፋል። ሁለት ቤተሰብ ተጋርቶ በአንድ መኪና ወደ ሐምቦልት ቢሄድም ብዙ አይጎዳም።

ከአገር ቤት ወላጅ የመጣላችሁ ከሆነ ሐምቦልት ይሻላል፤ ሙቀት አለ፣ መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ዛፉ መኪና ከቆመበት ቅርብ ነው። ለእናታችሁ መሬት ላይ መተኛት የማይሆን ከሆነ ሄንዲ ዉድስ ካቢን ተከራዩላቸው፣ እናንተ ድንኳን ውስጥ ግቡ። ዕድሜያቸው ከስድስት በላይ የሆነ ልጆች ካሉና ሦስት ሌሊት ካገኛችሁ ፕሬሪ ክሪክ። ባልና ሚስት ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ወይም መንዳት የሚወድ ሰው ከሆናችሁ ጀዴዳያ ስሚዝ።

ከሎስ አንጀለስ የሚነሳ ሰው ወደ ሰሜን ከመንገላታት ቢግ ሰር የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ያስብ፤ ሬድውዱ ያንሳል፣ ጉዞውም ግማሽ ያህል ነው፤ የባሕር ዳሩ አንድ ቁጥር መንገድ በመሬት መንሸራተት ተዘግቶ እንዳይሆን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

## ምግብ፣ እሳትና ቡና

ሽሮ በትንሽ ቡታጋዝ ቶሎ ይደርሳል፣ በፍልሰታ ጾም ኦገስት ላይ ለሚሄድም ይስማማል። እንጀራውን በየማዕዱ መጠን ከፋፍላችሁ ያዙ፤ ጭጋጉ ካገኘው ይሻግታል። ፍርፋሪ መሬት ላይ አትተዉ። በነዚህ ደኖች ማርብልድ ሙሬሌት የምትባል የባሕር ወፍ በጥንታዊ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ የሰው ፍርፋሪ ለምደው የበዙት ስቴለርስ ጄይ የሚባሉት ሰማያዊ ወፎች እንቁላሏንና ጫጩቷን ይበሉባታል። ቆሎውም ዳቦውም ከጠረጴዛ ላይ ተጠርጎ ይነሳ። ድብ ስላለ የምግብ ሽታ ያለው ሁሉ፣ ሳሙናና ሎሽንም ቢሆን፣ በብረቱ ሳጥን ውስጥ ይደር።

ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ በእንጨት ውስጥ የሚጓዝ ተባይና የዛፍ በሽታ ወደ ደኑ ይገባል። እዚያው ግዙ። እሳት የሚነደው በተሠራለት ቀለበት ውስጥ ብቻ ነው፣ ለዕጣን የሚሆነውም ፍም ከዚያ ይወሰድ፣ ሲያበቃም ውኃ ይፍሰስበት። እሳት በተከለከለበት ሰሞን ቡናውን በቡታጋዝ ላይ ማፍላት ይፈቀድ እንደሆነ ስትገቡ ሬንጀሩን (የፓርኩን ጠባቂ) ጠይቁ። ከምሽቱ በአሜሪካ ሰዓት 10 እስከ ጠዋቱ 6 ጸጥታ ግዴታ ነው፤ ጭፈራው ቀን ላይ ይሁን።

ቦታ የሚያዘው ሪዘርቭ ካሊፎርኒያ በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ሲሆን ከስድስት ወር በፊት ይከፈታል፤ የጁላይና የኦገስት ቅዳሜዎች ቶሎ ያልቃሉ። እኔ ጊዜው በእጃችሁ ከሆነ ሴፕቴምበርን እመክራለሁ፦ ትምህርት ተከፍቶ ሰው ቀንሷል፣ በባሕሩ ዳር ጭጋጉ ይሳሳል፤ የሚያሳስበው ከውስጥ አገር ሰደድ እሳት የሚመጣ ጭስ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቅዳሜና እሑድ ካሰባችሁ ማርች እንደገባ ድረ ገጹን ክፈቱ፤ ካቢን ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀኑ በተከፈተበት ጠዋት።